ከኦፕቲካል የሚገባው ድምፅ ብቻ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ይወፍራል

የጅሬን ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ትንሽ የቤት ስቱዲዮ አለችኝ። አሁን የሰፈራችንን የመንዙማ ቡድን እየቀረጽኩ ነው። አንድ መሪ፣ ስድስት ተቀባይ፣ ሁለት ድቤ። የክፍሉን ድምፅ የሚይዝ አንድ ማይክ ስጨምርበት አስር ማይክ ይሆናል።

ሳውንድ ካርዴ ራሱ የሚቀበለው ሁለት ማይክ ነው። ለቀሪው ስምንት መግቢያ ያለው ፕሪአምፕ (የማይክ ማጉያ) ገዝቼ በኦፕቲካል ገመድ ከካርዱ ጋር አገናኝቼዋለሁ። ሁለቱም ሳምፕል ሬታቸው 48 (ኪሎኸርዝ) ላይ ነው። ደጋግሜ አይቻለሁ።

ችግር አንድ፦ ቀረጻው ውስጥ ጠቅ የሚል ነገር አለ። በየጥቂት ሰከንዱ ይመጣል። ተቀባዮቹ ድምፅ ሲያስረዝሙ በደንብ ይሰማል። ዝም ሲሉ የለም።

ችግር ሁለት፦ ፋይሉን አዲስ አበባ ላለ አቀናባሪ ላክሁለት። «ሰዎቹን እንቅልፍ ላይ ነው እንዴ የቀረጽካቸው?» አለኝ። እሱ ጋ ሲከፈት ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎተታል። ባትሪው ያለቀ ቴፕ በሉት። እኔ ጋ 12 ደቂቃ የሆነው እሱ ጋ 13 ደቂቃ አልፏል። እኔ ጋ ግን ደህና ነው።

ቡድኑ ሐሙስ ማታ ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱ ችግሮች አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ? ኮምፒውተሩ ይሆን? እስቲ በአላህ እርዱኝ።

---

ሽቦ በጥስ | ማክሰኞ ማታ 2፡52

ቡፈር ነው፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን ለጊዜው የሚያቆይበት ቦታ፤ አትጨነቅ። 64 ላይ አድርገኸው ይሆናል። 512 አድርገው፣ ጸጥ ይላል።

---

የጅሬን ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2፡59

1024 ላይ ነው ያለው ወንድሜ። 128 አድርጌም ሞክሬዋለሁ። ጠቅታው ያው ነው፣ አይጨምርም አይቀንስም።

---

ኪቦርዷ | ማክሰኞ ማታ 3፡10

እንግዲያው ቡፈር አይደለም። የቡፈር ጠቅታ ሰዓት አያከብርም። ፕለጊን ሲበዛ፣ ብሮውዘር ሲከፈት፣ ላፕቶፑ ሲግል ይብሳል። ቡፈሩን ስትጨምር ደግሞ ይቀንሳል። ያንተ ግን ቡፈር ብትለውጥም ንቅንቅ አላለም።

አንድ ነገር አይተህ ንገረኝ። 1 እና 2ን፣ ማለትም ካርዱ ላይ በቀጥታ የተሰኩትን፣ ለብቻቸው አድምጣቸው። ከዚያ ከ3 እስከ 10 ያሉትን አድምጥ። ጠቅታው ሁሉም ላይ ነው?

---

የጅሬን ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡31

ወላሂ ጉድ ነው። 1 እና 2 ጥርት ያሉ ናቸው። መሪው እዚያ ስለሆነ የሱ ድምፅ ንጹህ ነው። ከ3 እስከ 10 ግን ሁሉም አላቸው፣ ደግሞም እኩል ቦታ ላይ። አጉልቼ ሳየው ማዕበሉ ተቆርጦ የተቀጠለ ይመስላል። መስመሩ ለስለስ ብሎ ሲወርድ ድንገት ደረጃ ይሠራል፣ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል። ሰዓት ይዤ ስቆጥር በአራት ሰከንድ ገደማ አንዴ ነው።

---

ኪቦርዷ | ማክሰኞ ማታ 3፡58

አገኘነው። ክሎክ ነው።

ብዙ ሰው ሳምፕል ሬትና ክሎክን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። «ሁለቱም 48 ላይ ናቸው» ያልከው እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። 48 ማለት ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ልክ ሳምፕል ይባላል። ሰከንዱ ስንት እንደሚረዝም የሚወስነው ግን ማነው? እያንዳንዱ ዕቃ ውስጥ ክሪስታል አለ፣ የሚቆጥረው እሱ ነው። ሁለት ክሪስታል ደግሞ ፍጹም እኩል አይቆጥርም። በሚሊዮን 50 ያህል ቢለያዩ፣ 48,000 ላይ በየሰከንዱ 2.4 ሳምፕል ልዩነት ይመጣል።

አሁን ፕሪአምፑ በራሱ ሰዓት ይቆጥራል፣ ካርዱም በራሱ። ፕሪአምፑ ከፈጠነ ካርዱ ቦታ የሌለው ሳምፕል ይመጣበታል። ምን ያድርገው? ይጥለዋል። ፕሪአምፑ ከዘገየ ደግሞ ካርዱ የሚጠብቀው ሳምፕል አልደረሰም፣ ስለዚህ ያለፈውን ይደግማል። ያየኸው ደረጃ እሱ ነው። ዝምታ ላይ የማይሰማውም ለዚህ ነው፣ ዜሮ ጥለህ ዜሮ ብትተካ ማን ያውቃል? ረጅም ድምፅ ላይ ግን ወዲያው ያሳብቃል።

በአራት ሰከንድ አንድ ሳምፕል የሚጣል ከሆነ ልዩነታቸው በሚሊዮን አምስት ገደማ ነው። ሁለቱም ጎበዝ ዕቃዎች ናቸው ማለት ነው። ብቻ አልተነጋገሩም።

---

ጋሽ ሪል | ማክሰኞ ማታ 4፡15

ኪቦርዷ እንደ መምህር አስረዳችው፣ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ካርድህ ላይ ኦፕቲካል ስንት ቀዳዳ አለው? መግቢያ ብቻ ነው ወይስ መውጫም አለ? ክሎኩን ብቻ የሚያስተላልፍ፣ «ወርድ ክሎክ» የሚል ክብ ቢኤንሲ ቀዳዳስ?

---

የጅሬን ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4፡22

ጋሼ፣ መግቢያ አንድ ብቻ ነው። መውጫ የለውም። ቢኤንሲም የለውም። ፕሪአምፑ ግን ኋላው ላይ ሁሉም አለው። የሚዞር መምረጫ አለ፣ «ኢንተርናል 44.1»፣ «ኢንተርናል 48»፣ «ኤዳት ኢን» (የኦፕቲካሉ መግቢያ)፣ «ወርድ ክሎክ» ይላል። እኔ ኢንተርናል 48 ላይ ነው ያደረግሁት። ካርዱም ሶፍትዌሩ ላይ ኢንተርናል ይላል።

---

ሽቦ በጥስ | ማክሰኞ ማታ 4፡30

እሺ ቡፈሩን ትቻለሁ 😀 ግን አንድ ልበል። ከሁለቱ ውዱ ካርዱ ነው አይደል? ጥሩ ክሎክ ያለው እሱ ነው። ስለዚህ ማስተር መሆን ያለበት ካርዱ ነው። ፕሪአምፑን «ኤዳት ኢን» ላይ አዙረውና ካርዱን ይከተል።

---

ጋሽ ሪል | ማክሰኞ ማታ 4፡47

ሽቦ፣ በምን መንገድ ይከተለው? ካርዱ መውጫ የለውም እኮ። ኦፕቲካል ገመድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ብርሃኑ ከፕሪአምፑ ወጥቶ ካርዱ ውስጥ ይገባል። ተመልሶ የሚሄድ ነገር የለም። መምረጫውን «ኤዳት ኢን» ላይ ቢያዞረው ፕሪአምፑ የሚሰማው ነገር አይኖርም፣ ባዶ ቀዳዳ እያየ ይቀመጣል።

ማስተሩን የሚወስነው ዋጋ አይደለም፣ ገመዱ ነው። ድምፁ በሚሄድበት ገመድ ውስጥ ክሎኩም አብሮ ይሄዳል። ኤዳትም (ያንተ ኦፕቲካል)፣ ኤስፒዲፍም፣ ኤኢኤስም፣ ዲጂታል ድምፅ የሚተላለፍባቸው መንገዶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ ላኪው ይመራል፣ ተቀባዩ ይከተላል። ላኪው ተከታይ እንዲሆን ከፈለግህ ለሱ ሌላ ገመድ መዘርጋት አለብህ።

ልጄ፣ ያንተ ሥራ አጭር ነው። ፕሪአምፑን እንዳለ ተወው፣ ኢንተርናል 48፣ ማለትም በራሱ ክሎክ። የካርዱን ሶፍትዌር ክፈትና ክሎክ ሶርስ የሚለውን ከኢንተርናል ወደ ኤዳት ቀይረው። «ሎክድ» የሚል ጽሑፍ ወይም አረንጓዴ መብራት እስኪታይ ጠብቅ። በቃ። አንድ ማስተር፣ አንድ ተከታይ። ሁለት ማስተር ያለበት ቤት ያው እንዳየኸው ነው።

---

ኪቦርዷ | ማክሰኞ ማታ 4፡55

የጋሼን ነገር ልጨምርበት። ሎክድ ሲል ብቻ አትመን። ፕሪአምፑ 48 ሆኖ ፕሮጀክትህ 44.1 ከሆነ ካርዱ ይቆልፋል፣ ግን ሶፍትዌሩ የሚያስበው ሌላ ቁጥር ነው። ሦስት ቦታ ተመልከት፦ ፕሪአምፑ ጀርባ፣ የካርዱ ፓኔል፣ የፕሮጀክቱ ሴቲንግ። መቅረጫ ፕሮግራምህ ሪፐር ከሆነ ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ ሳምፕል ሬቱን ምልክት አድርገህ 48000 ጻፍበት፣ እንዳይንሸራተት።

ዊንዶውስም የራሱ አመል አለው። ብሮውዘር ላይ ቪዲዮ ከፍተህ ከሆነ ካርዱን ወደ ሌላ ሬት ሊጎትትብህ ይችላል። ሳውንድ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አድቫንስድ ላይ ዲፎልቱን እዚያው 48 አድርገው። ከዚያ ቀረጻ ላይ ብሮውዘር ዝጋ። ዩቲዩብ ነገ ይደርሳል።

---

ቆጪ ሚክስ | ማክሰኞ ማታ 5፡20

ችግር ሁለትን ማንም አልነካውም፣ እኔ ልውሰደው።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 48ን ለ44.1 አካፍል፣ 1.088 ይመጣል። 12 ደቂቃን በ1.088 አብዛ። 13 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ገደማ። አቀናባሪው ያየው ይሄን ነው አይደል?

ስለዚህ ፋይልህ 48 ነው፣ የሱ ሴሽን (ፕሮጀክት) ግን 44.1 ነው። የሱ ፕሮግራም ሲያስገባ ሳይቀይረው ወስዶታል። በሰከንድ 48,000 ሆኖ የተለካውን በሰከንድ 44,100 እያደረገ ያጫውታል። ይዘገያል፣ ይወፍራል። የሚወፍረው አንድ ተኩል ሴሚቶን ገደማ ነው። ቀጥ ብሎ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ኪቦርዱን ትራንስፖዝ አድርገህ ትገላገለው ነበር። ይሄ ግን በሁለት ቁልፍ መሃል ነው የሚወድቀው። ከዚህ በፊት አንድ የክራር ቅጂ እንዲህ ሆኖ መጥቶልኝ ነበር። ልጁ ክራሩን አላቃናም ብለው ሲያሙት የነበረው በከንቱ ነው።

መፍትሔው አዲስ አበባ ያለው ሰው እጅ ነው። ወይ ሴሽኑን 48 ያድርገው። ወይ ሲያስገባ ኮንቨርት የሚለውን ይምረጥ። ያኔ ፕሮግራሙ ሳምፕሎቹን አስልቶ ይቀይራቸዋል፣ ድምፁም ርዝመቱም አይነካም። አንድ ነገር ግን እንዳያደርግ ንገረው፦ በፒች ሺፍት ድምፁን አቅጥኖ፣ በታይም ስትሬች ርዝመቱን አሳጥሮ «አቃናሁት» እንዳይል። ያልተበላሸ ድምፅ አበላሽቶ ማስተካከል ይሆናል።

---

የጅሬን ልጅ | ማክሰኞ ማታ 5፡34

ደወልኩለት። እውነትም 44.1 ነው። «እኔ ሁሌም 44.1 ነው የምሠራው፣ ሲዲ 44.1 ነው» አለኝ። ቆይ ግን፣ ለምን 44.1? ማን ነው ይቺን .1 ያመጣት? ለምን ዝም ብሎ 44 አልሆነም?

---

ጋሽ ሪል | ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ሌሊት ልመልስልህ ነበር፣ መብራት ሄደ።

የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ነው የሚሰማው። አንድን ድምፅ ሳይዛባ ለመለካት ከከፍተኛው ድግግሞሽ እጥፍ በላይ መለካት አለብህ። ስለዚህ ከ40,000 በላይ ያስፈልጋል፣ ለማጣሪያው ደግሞ ትንሽ ትርፍ ቦታ። እዚህ ድረስ ሒሳብ ነው።

.1 የመጣችው ግን ከቪዲዮ ካሴት ነው። ዲጂታል ድምፅ ሲጀመር ያን ያህል ዳታ የሚይዝ ርካሽ ዕቃ አልነበረም፣ የቪዲዮ መቅረጫ ብቻ ነበር። ድምፁን ወደ ጥቁርና ነጭ ነጥብ ቀይረው እንደ ምስል ቴፑ ላይ ጻፉት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሦስት ሳምፕል። በአሜሪካው ሥርዓት ለሥራ የሚውለው በፊልድ 245 መስመር፣ በሰከንድ 60 ፊልድ (ግማሽ ምስል) ነው። 245 በ60 በ3 ስታበዛ 44,100። በፓል፣ ማለትም እኛም በተጠቀምንበት ሥርዓት፣ 294 መስመርና 50 ፊልድ ነው። 294 በ50 በ3፣ እሱም 44,100። በሁለቱም የቴሌቪዥን ዓለም የሚሠራ ቁጥር ስለሆነ ተመረጠ። ሲዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ገበያ ሲወጣ ቁጥሩን ይዞ ወጣ። ካሴቱ ሞተ፣ ቁጥሩ ቀረ።

48 ደግሞ የቪዲዮ ሰዎች ቁጥር ነው። በሰከንድ 25 ምስል ካለህ ለእያንዳንዱ ምስል 1,920 ሳምፕል ይደርሰዋል፣ ሳይሰበር። በ44.1 ግን 1,764 ነው። ይሄም ሙሉ ቁጥር ነው አትሉኝም? ነው። ግን በ24 ምስል 44,100ን አካፍሉት፣ ግማሽ ሳምፕል ትተርፋለች። 48,000 ግን በ24ም በ25ም በ30ም እኩል ይካፈላል።

---

ቪዲዮ ቤት | ረቡዕ ረፋድ 4፡05

ጋሼ ቪዲዮ ሲሉ ዘልዬ ገባሁ። ሰርግ ነው የምሠራው። ካሜራዬ 48 ነው፣ የድምፅ መቅረጫዬም 48። ለየብቻ ይቀርጻሉ፣ በገመድ አልተገናኙም። መጀመሪያ ላይ በጭብጨባ አገጥማቸዋለሁ፣ ልክ ይሆናሉ። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ንግግርና ምርቃት መጨረሻ ላይ ግን የሽማግሌው ከንፈር ቀድሞ ድምፁ ይከተላል። ይሄም ክሎክ ነው?

---

ኪቦርዷ | ረቡዕ ረፋድ 4፡30

ራሱ ነው እንጂ! ልዩነቱ እዚህ ጠቅታ አለመኖሩ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች ሳምፕል አይቀባበሉም፣ ስለዚህ የሚጣል ነገር የለም። እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ቀርጾ ይጨርሳል። በሚሊዮን 50 ቢለያዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ 0.18 ሰከንድ ይሆናል። በ25 ምስል አንዱ ምስል 0.04 ሰከንድ ነው። ስለዚህ አራት ምስል ከግማሽ ያህል ይርቃሉ። ዓይን ያን በደንብ ያያል።

የሚደረገው፦ መጨረሻ ላይም አንድ ጭብጨባ አስገባ። መጀመሪያውን ግጠም፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ ያለውን ልዩነት ያህል የድምፁን ፋይል አሳጥረው ወይም አርዝመው። እንዲህ ትንሽ ልዩነት ጆሮ አይለየውም። ወይም ጭብጨባ ከሌለህ በየአሥር ደቂቃው ዝም የተባለበት ቦታ ላይ ቆርጠህ አስተካክል። ሰርግ ላይ ዝም የሚባልበት ቦታ ካገኘህ ማለቴ ነው።

---

ሽቦ በጥስ | ረቡዕ ረፋድ 4፡41

ታይም ኮድ ቢገዛስ? ትንሿ ሳጥን።

---

ጋሽ ሪል | ረቡዕ ቀትር 6፡20

ታይም ኮድ የት እንደጀመርህ ይነግርሃል እንጂ እኩል አያስኬድህም። መነሻውን ለመግጠም ይጠቅማል። መንሸራተቱን የሚያስቆመው ግን ካሜራውም መቅረጫውም አንድ ክሎክ ሲከተሉ ነው። ብዙ የሰርግ ካሜራ ለዚያ ቀዳዳ የለውም። ገንዘብህን አስቀምጥ፣ አጨብጭብ።

---

ጀማሪ ነኝ | ረቡዕ ከሰዓት 9፡10

ይቅርታ ካቋረጥኩ። እኔ ካርዴ 192 ይላል። ለምን ሁላችሁም 48 ላይ ትጨናነቃላችሁ? ከፍ ቢል አይሻልም?

---

ቆጪ ሚክስ | ረቡዕ ከሰዓት 9፡48

ለመንዙማም፣ ለመዝሙርም፣ ለዘፈንም 48 በ24 ቢት ይበቃል። ከዚያ በላይ የምትሰማው የሃርድ ዲስክህን ልቅሶ ነው። አስር ትራክ በ48 በ24 ቢት በሰዓት 5.2 ጊጋ ገደማ ይወስዳል። በ96 እጥፍ ነው።

የጅሬን ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኤዳት በ48 ስምንት ድምፅ ነው የሚሸከመው። በ96 በአንድ ገመድ አራት ብቻ። ስምንት ማይክ ሰክተህ ቁጥሩን 96 ብታደርግ ግማሹ ተቀባይ ይጠፋል። ደግሞ ብዙ ስምንት መግቢያ ያላቸው ርካሽ ፕሪአምፖች 96 ጨርሶ የላቸውም። ቢቱ ላይ ግን አትሰስት። 24 ቢት አድርግ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገህ ቅረጽ፣ ድቤው ሲመታ እንዳይቀደድ።

---

ሽቦ በጥስ | ረቡዕ ማታ 1፡30

ስለ ገመድ እኔ ልናገር፣ ይቺ የኔ ናት። አሁን ላይ አጠገባችሁ ያለውን ተጠቀሙ፣ ከአዲስ አበባ አታስመጡ።

ኤስፒዲፍ የምታገናኙ ሰዎች 75 ኦም ገመድ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ከድሮ ዲቪዲ ጋር የመጣው ቢጫ የቪዲዮ ገመድ 75 ኦም ነው። ቀዩንና ነጩን ጣሉት፣ ቢጫውን አስቀሩ። ወርድ ክሎክ የምትዘረጉ ደግሞ የደህንነት ካሜራ የሚሸጥበት ሱቅ ሂዱ። የካሜራ ገመዱ አርጂ 59 ከሆነ 75 ኦም ነው፣ ጫፉም ቢኤንሲ ነው። እዚያው በሜትር ይቆርጡላችኋል። ድሮ ኮምፒውተር ኔትወርክ ይዘረጋበት የነበረው ቢኤንሲ ግን አርጂ 58 ነው፣ 50 ኦም። ዓይን አይለየውም፣ ገመዱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ወርድ ክሎክ በቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) እየቀጠላችሁ ሦስት ዕቃ ካገናኛችሁ መጨረሻው ላይ 75 ኦም ማብቂያ ያስፈልጋል። መጨረሻው ላይ ብቻ፣ መሃል ላይ አይደለም። አንዳንድ ዕቃ ማብቂያው ውስጡ አለ፣ ኋላው ላይ ትንሽ ማብሪያ ተመልከቱ።

ኦፕቲካል ላይ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለውን ትንሽ ላስቲክ ቆብ አውልቁ። እየሳቃችሁ ነው፣ አውቃለሁ። ግልጽ የሆነ ቆብ ስለሆነ አይታይም። ጫፉን ስታዩት ቀይ ብርሃን ከወጣ ላኪው እየሠራ ነው። ገመዱን በጣም አታጥፉት፣ ውስጡ ፕላስቲክ ነው፣ ከታጠፈ ብርሃኑ ያልቃል።

---

ኪቦርዷ | ረቡዕ ማታ 1፡44

ዛሬ ሽቦ ተክሶናል። አንድ ልጨምር፦ ያው ቀዳዳ ኤዳትም ኤስፒዲፍም ይሆናል። ቅርጹ አንድ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ኦፕቲካሉ «ኤስፒዲፍ» ላይ ከተቀመጠ ከስምንቱ አንዱም አይመጣም። ሎክድ አልልም ካለህ መጀመሪያ እዚያ ሂድ።

---

ቆጪ ሚክስ | ረቡዕ ማታ 2፡05

የጅሬን ልጅ፣ ያለፈው ቅጂስ? ጥለኸዋል?

---

የጅሬን ልጅ | ረቡዕ ማታ 2፡16

አልጣልኩም። ሰዎቹ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። የሚድን ነገር አለው?

---

ቆጪ ሚክስ | ረቡዕ ማታ 2፡40

የተጣለ ሳምፕል አይመለስም። ዲክሊክ የሚባሉ ፕለጊኖች ግን ያጎደለውን ከጎረቤቱ ገምተው ይሞሉታል። ያንተ አንድ ሳምፕል ብቻ ስለሆነ ጥሩ ይሞላል። በቀስታ አድርገው። ከጠነከርክበት የድቤውን ምት ራሱ ጠቅታ መስሎት ይበላዋል። መሪው 1 ላይ ንጹህ ስለሆነ እሱን ሳትነካው ተወው፣ ተቀባዮቹን ብቻ አጽዳ።

---

ጋሽ ሪል | ረቡዕ ማታ 2፡58

ሐሙስ ከመምጣታቸው በፊት ሞክረው ልጄ። ስልክህ ላይ የ1,000 ኸርዝ ጩኸት የሚያወጣ መተግበሪያ አለ። ከ3 እስከ 10 ያሉትን ማይኮች ፊት ለፊቱ ሰብስብና አምስት ደቂቃ ቅረጽ። ረጅም፣ አንድ ወጥ ድምፅ ላይ ጠቅታ መደበቂያ የለውም። በየአራት ሰከንዱ ካልመጣ ድኗል።

መብራት ሄዶ ሲመጣም እንደገና ተመልከት። የፕሪአምፑ መምረጫ በእጅ የሚዞር ስለሆነ ቦታው አይለቅም። የካርዱ ሶፍትዌር ግን አንዳንዱ ወደ ኢንተርናል ይመለሳል። መጀመሪያ ፕሪአምፑን አብራ፣ ከዚያ ካርዱን፣ ከዚያ ፕሮግራሙን።

---

የጅሬን ልጅ | ሐሙስ ሌሊት 5፡50

ጋሼ፣ አላህ ዕድሜዎትን ያርዝመው። ካርዱን ኤዳት ላይ አደረግሁት። መጀመሪያ ሎክድ አላለም፣ ሶፍትዌሩን ስነካካ ኦፕቲካሉን ኪቦርዷ እንዳለችው ኤስፒዲፍ ላይ አድርጌው ኖሯል። እሱን ስቀይረው ወዲያው ቆለፈ። ጩኸቱን ቀረጽኩ፣ ምንም የለም። ማታ ሙሉውን ቀረጽን፣ አስሩም ንጹህ ናቸው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግን አቁመን ቁጭ አልን፣ የጅማ ዝናብ ክሎክ አያውቅም።

አዲስ አበባ ያለውም ሴሽኑን 48 አድርጎታል። 12 ደቂቃው 12 ደቂቃ ሆነ።

---

ሰንበት ድምፅ | ዓርብ ጠዋት 2፡10

ሁሉንም አነበብኩ፣ ተባረኩ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ላይ ነው የማገለግለው። ቤሪንገር ኤክስ 32 ሚክሰር አለን፣ መድረኩ ላይ ማይኮቹ የሚሰኩበት ስቴጅ ቦክስ፣ በኔትወርክ ገመድ የተገናኘ። ላፕቶፕ ደግሞ በዩኤስቢ እንቀርጻለን፣ የተዘጋጀ ሙዚቃም ከሱ እናጫውታለን። እሑድ እሑድ አንዳንድ መዝሙር ላይ ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይሮጣል፣ ዘማሪዎቹ ይጨነቃሉ። ማስተሩ ማን ይሁን?

---

ኪቦርዷ | ዓርብ ጠዋት 2፡35

ማስተሩ ሚክሰሩ ነው። ሴትአፕ ውስጥ ገብተህ ሲንኩን «ሎካል» አድርገው፣ ሬቱን 48። ስቴጅ ቦክሱ በገመዱ በኩል ይከተለዋል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ገመዱ ግን መከለያ ያለው ይሁን፣ ተራ የኢንተርኔት ገመድ አይደለም። ላፕቶፑም ሚክሰሩን ይከተላል፣ ሬቱ የሚቀየረው ሚክሰሩ ላይ ነው።

«ከፍ ብሎ ይሮጣል» ያልከው ግን ክሎክ አይደለም። የጅሬን ልጅ ችግር ተገልብጦ ነው። አንዳንዱ ሙዚቃህ 44.1 ነው፣ ሚክሰሩ 48 ላይ ሲሆን የምታጫውትበት ፕሮግራም ሳይቀይር ይልከዋል። «አንዳንድ መዝሙር ላይ» ማለትህ ራሱ ነው ያሳበቀው። ክሎክ ቢሆን ሁሉም ላይ ይሆን ነበር።

ቅዳሜ ፋይሎቹን በሙሉ ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ላይ ክፈታቸው። ትራኩ 44100 ካለ፣ ከትራክስ ሜኑ ሪሳምፕል ብለህ 48000 ስጠው፣ የፕሮጀክቱን ሬትም 48000 አድርገህ ኤክስፖርት አድርግ። ትራኩ ስም አጠገብ ያለውን «ሬት» ግን አትንካው፣ እሱ ስሙን ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ያኔ አንተው ራስህ ታስሮጠዋለህ።

---

ሰንበት ድምፅ | ቅዳሜ ማታ 3፡00

ከፈትኳቸው። ገሚሶቹ 44.1 ናቸው። ቀይሬ ጨርሻለሁ፣ ነገ ከዘማሪዎቹ በፊት ሄጄ አንድ በአንድ አጫውታቸዋለሁ።

---

ሽቦ በጥስ | ቅዳሜ ማታ 3፡12

የድሮዎቹን አታጥፋቸው፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥ። የአዲሶቹን ስም ላይ 48 ብለህ ጻፍበት።